በሽታው በረሃ፣ ጋራዡ ደጋ

ብቸናና ሞጣ የመኪና ኤሲ መመርመር አስቸጋሪ ነው። ሁለቱም በጮቄ ተራራ ዙሪያ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጠዋት ጋቢ ደርበን ነው ጋራዥ የምንከፍተው። ኤሲ የሚናፈቀው ግን ደጀን ታልፎ ዓባይ በረሃ ሲገባ ነው። ድልድዩ 1,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ደጋ ላይ መስኮት የዘጋ ተሳፋሪ ታች ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል።

ሹፌሩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይመጣል። «ጋሼ፣ ጎሐ ጽዮን ዳገት ላይ ትኩስ አየር ነው የሚተፋው። ጋዝ ሙላልኝና ልሂድ።» ሞተሩን አስነስቼ ስሞክረው እጅ የሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ ይሰጣል። ሹፌሩ አልዋሸም፤ ኤሲውም ደህና አይደለም።

መኪና ሜዳ ላይ ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያበርዳል። ሰው የሞላው ሚኒባስ ዳገት ሲያዘግም ግን ሥራው ሁሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። ፋኑ ከደከመ፣ ወይም የኮንደንሰሩ ቀጫጭን ክንፎች ከተደፈኑ ግፊቱ ይወጣል፣ የመከላከያው ስዊች ኮምፕረሰሩን ያጠፋዋል። በእኛ አገር ክንፎቹን የሚደፍነው ምን እንደሆነ ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ያሳያል፤ ከጥር በኋላ የሚመጣ መኪና ፊቱ አቧራና ገለባ ለብሶ ነው የሚመጣው። ደግሞ አጣቢዎቹ በከባድ ግፊት ይረጩታል፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ጋዝ መጨመር ግፊቱን ይብስ ያወጣዋል እንጂ አይፈውሰውም።

በረሃውን ጋራዥ ድረስ ማምጣት አይቻልም፣ ማስመሰል ግን ይቻላል። በሮቹን እከፍታለሁ፣ ኤሲውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፣ ኮንደንሰሩን በካርቶን በከፊል እጋርድና ጌጁን እያየሁ እጠብቃለሁ። መርፌው ከ300 ፒኤስአይ አልፎ ሲወጣ፣ ካርቶኑን ባነሳውም ቶሎ አልወርድ ሲል ነገሩ ይገለጣል። ችግሩ ይህ ሁሉ ጊዜ መውሰዱ ነው፤ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ደግሞ «ምንም አልሠራህም» ይለኛል።

ጌጁም ቢሆን ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ እንግዳ ነው። መሣሪያው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ቫኪዩም ሲደረግ መርፌው 29 ኢንች ገደማ መድረስ አለበት ይላል። እዚህ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ፓምፑ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ከ22 ብዙም አያልፍም። ይህን ያልተረዳ ወጣት «ያፈሳል» ብሎ ደህናውን ቱቦ ሲፈታ አይቻለሁ። ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ኤሲው ጠፍቶ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ 134 ጋዝ ያለበት መኪና ጌጁ ላይ 70 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል። በቂ ጋዝ ቢኖረውም፣ ጎደሎ ቢሆንም ያው 70 ነው፤ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። ስለዚህ በጌጅ ብቻ «ጎድሏል» የሚል መካኒክ ገምቶ ነው። የሚታመነው ሚዛን ነው፦ ያለውን አውጥቶ መመዘን፣ ከዚያ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ግራም ልክ መሙላት። ለትንሽ የቤት መኪና ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው፤ ኋላም ኤሲ ያለው ሚኒባስ ከዚያ ይበልጣል።

ጋዝ በእርግጥ የሚጎድልበት ጊዜም አለ፣ የእኛ ደጋ ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ኤሲ ለወራት ሳይነካ ሲቀር የኮምፕረሰሩ ጎሚኒ ዘይት ስለማያገኝ ይደርቃል፣ ጋዙም ቀስ እያለ ይወጣል። ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ አብሩት የምለው ለዚህ ነው። በሐምሌ ጉም መስታወቱ ሲታፈን በጨርቅ ከመወልወል ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር መክፈት ይሻላል፤ እርጥበቱን ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ደንበኛ ለሚያየው ነገር ይከፍላል፦ ለጋዝ፣ ለኮምፕረሰር፣ ለቱቦ። ችግሩን ለማግኘት ለጠፋው ጊዜ ዋጋ ሲጠየቅ ግን ይከፋዋል። ውጤቱ ምን እንደሆነ የማያውቅ መካኒክ የለም፦ የምርመራው ዋጋ ጋዙ ውስጥ ይደበቃል። ጋዝ ያልጎደለበት መኪና ጋዝ ይጨመርበታል፣ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ ይለያያል፣ መኪናው ዳገቱ ላይ እንደገና ይተፋል። መካኒኩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከወቀሳው ግማሹ የከፋዩ ነው እላለሁ። ኮፈን ከመክፈቴ በፊት የምርመራ ዋጋዬን እናገራለሁ፤ ሥራውን እኔ ከሠራሁት ከእጅ ዋጋው እቀንሰዋለሁ። ሰምቶ የሚሄድ አለ። ይሂድ።

የሚያስቸግረው ሹፌሩና ባለንብረቱ ሁለት ሰው ሲሆኑ ነው። በረሃው ውስጥ የሚጠበሰው ሹፌሩ ነው፣ ከፋዩ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ነው የሚያውቀው። አንድ ባለንብረት ፋን እንደቀየርኩና ኮንደንሰር እንዳጠብኩ ነግሬው፣ «ጋዝ አልሞላህም? ታዲያ ለምኑ ነው የምከፍለው?» አለኝ። ሹፌሩ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ አብረን እንውረድና ዳገቱ ላይ ይዩት» አለው። ደረሰኙ ላይ ፋን፣ እጥበትና ምርመራ ብዬ ለየብቻ ጻፍኩ። ለምርመራው ያስቀመጥኩትን ሒሳብ ለማስቀነስ ባለንብረቱ አሁንም ይደውላል።