ሰበቃ እንደ ፀሐይ

ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው ብልጭታ ሺህ ቮልቶችን ይሻገራል። የማይጎዳን የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ኢምንት ስለሆነ ነው። ከሰበቃ ኤሌክትሪክ ላመንጭ ያለ ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ጣጣም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ጆርጂያ ቴክ ውስጥ በዦንግ ሊን ዋንግ የሚመራው ቡድን ይህን ክስተት ወደ ትንሽ ጀነሬተር ለወጠው። ሁለት ዓይነት ስስ ፕላስቲኮች ሲነካኩ አንዱ ከሌላው ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ሲጠጋጉና ሲራራቁም ከጀርባቸው በተለበጠው ብረት በኩል ከረንት ይመላለሳል። ብልህ ሥራ ነው፤ ሆኖም ቮልቱ እንደበዛ ከረንቱም እንዳነሰ ቀረ፤ የሚመላለሰውን ወደ አንድ አቅጣጫ ለማስገባትም ዳዮድ ያስፈልጋል።

በፕላስቲኩ ፋንታ ሴሚኮንዳክተር ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብረትና ሲሊከን በተነካኩበት ወሰን ላይ፣ ሳይንቀሳቀሱም እንኳ፣ የኤሌክትሪክ መስክ አለ። ብረቱ በሲሊከኑ ላይ ሲንሸራተት የሁለቱ አቶሞች እየተሳሰሩ ጉልበት ይለቃሉ። ያ ጉልበት ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስፈነጥራል፤ መስኩም ኤሌክትሮኖቹን ወደ አንድ ወገን፣ የለቀቁትን ክፍተት ወደ ሌላው ይነዳል። በሶላር ፓነል ውስጥ ይህን የሚሠራው ብርሃን ነው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አቅጣጫው ነው፦ ብረቱን ወዲያም ጎትቱት ወዲህ፣ ከረንቱ የሚፈሰው መስኩ ወዳዘዘው ብቻ ነው። ዳዮድ አያሻም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በተባለ ሴሚኮንዳክተር ላይ እጅግ ቀጭን የብረት ጫፍ አንሸራትተው በካሬ ሜትር እስከ አንድ ሚሊዮን አምፔር የሚሰላ ከረንት ለኩ። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ የጫፉ ስፋት በናኖሜትር የሚለካ ነውና በሽቦው ያለፈው ኢምንት ነበር። ሲሊከን የሚሰጠው ቮልትም በአብዛኛው ከአንድ በታች ነው፤ ሌላው ሴሚኮንዳክተር፣ ጋሊየም ናይትራይድ፣ በብዙ ይበልጠዋል።

ዋናው እዳ መበላት ነው። እየተፋተገ የሚሠራ ነገር እየተፋተገ ያልቃል። ስለዚህ አንዳንዶች ቅባት ይጨምራሉ፣ ሌሎች ብረቱን ትተው በሲሊከኑ ላይ የውሃ ጠብታ ያንሸራትታሉ።

ቤት የሚያበራ ኃይል ከዚህ አይጠበቅም። የሚታሰብለት ለምሳሌ የማሽን ኩሽኔታ ነው፦ ያለዚያም ቀኑን ሙሉ የሚፋተግ ስለሆነ፣ ሙቀቱንና ንዝረቱን የሚከታተለው ትንሽ ሴንሰር ያለ ባትሪ ከዚያው ይመገባል።