ስትሪንግ ኳርቴትና የአዲስ ድምፅ ፍለጋ

ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚገናኙበት ስትሪንግ ኳርቴት የተባለው የሙዚቃ ቡድን ቅርጹን የያዘው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይም በኦስትሪያዊው ደራሲ በዮሴፍ ሃይድን ሥራዎች ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲያን ዘንድ የጥበብ መፈተኛ ሆኖ ኖሯል። ቡድኑ መሪ ስለሌለው አራቱም ተጫዋቾች እኩል ኃላፊነት ይሸከማሉ፤ የአንዱ ጉድለትም በሌላው ድምፅ አይሸፈንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተነሡት የሙከራ ሙዚቃ ደራሲያን፣ ማለትም የተለመደውን የዜማና የምት ሕግ ወደ ጎን ትተው ድምፅን ራሱን መመርመር የጀመሩት፣ ይህን ነባር ቡድን ሳይጥሉት የቀሩት በዚሁ ምክንያት ይመስላል፤ በአራት ሰው መካከል የሚደረግ ምርመራ መደበቂያ የለውምና።

አሜሪካዊው ጆርጅ ክራም በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የጨረሰው «ጥቁር መላእክት» በዚህ መንፈስ ለኳርቴት ከተጻፉት ሥራዎች በጣም ከታወቁት አንዱ ነው። መሣሪያዎቹ በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፃቸው ይጎላል፤ ተጫዋቾቹም በተለያዩ ቋንቋዎች ቁጥር ይጠራሉ፣ ውሃ በተሞሉ ብርጭቆዎች ጠርዝ ላይም ደጋን ይስባሉ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴቪድ ሃሪንግተን ይህን ሥራ በሬዲዮ ከሰማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 በሲያትል ክሮኖስ ኳርቴትን አቋቋመ፤ ቡድኑም ከ1,000 በላይ አዳዲስ ሥራዎችና ቅንብሮች እንዲጻፉ አድርጓል።

ጀርመናዊው ሄልሙት ላኸንማን ግን ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ተጨማሪ ዕቃ ከዚያም ርቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1972 በጻፈው «ግራን ቶርሶ» ተጫዋቾቹ ደጋናቸውን በክሮቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው እንጨት ላይም ይስባሉ፤ አንዳንዴ ደጋኑን በክሩ ላይ አጥብቀው ተጭነው የሚሻክር፣ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙዚቃው ጆሮ ካልተቀሰረ የማይሰማ እስትንፋስ እስኪመስል ድረስ ይሳሳል። ደራሲው ይህን አሠራር በመሣሪያ የሚሠራ ኮንክሬት ሙዚቃ ይለዋል። ኮንክሬት ሙዚቃ ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡርንና የመሳሰሉትን የዕለት ተዕለት ድምፆች ቀርጾ በማቀናበር የጀመረው ስልት ነው። ላኸንማን ከዚህ የወሰደው መቅረጫውን ሳይሆን ሐሳቡን ነው፤ ይኸውም አንድ ድምፅ ከየትኛው አካል፣ በምን ያህል ጉልበትና በምን ዓይነት ፍትጊያ እንደተወለደ ለሰሚው ይናገራል የሚለው ነው። ስለዚህ ኖታው በአብዛኛው የሚያመለክተው የሚሰማውን የድምፅ ከፍታ ሳይሆን እጅና ደጋን የት ቦታ፣ በምን ሁኔታ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው ነው።

ይህን ሁሉ ጫጫታ ነው ብሎ መተው ፍትሐዊ አይደለም። ከጠራው ድምፅ ጋር የሚሻክረውንም የሙዚቃ አካል ማድረግ የአውሮፓ ዘመናውያን ብቻ ያሰቡት ነገር አይደለም፤ በበገና ክርና በበርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ የተመደበለት ሥራ የክሩን ንዝረት ማንዘርዘር ነው፤ በገና የሚታወቅበትን ግርማ ያለው ድምፅ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ክሮኖስ ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው «ፍለድፕሌይን» በተሰኘው አልበሙ ከበገና ደርዳሪው ከዓለሙ አጋ የወሰደውን ዜማ ማካተቱም በዚህ ረገድ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ፍሪድሪኽ ሃስ በበኩሉ የመረመረው የድምፁን አወጣጥ ሳይሆን የተጫዋቾቹን መደማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጻፈው ሦስተኛው ኳርቴቱ ፈጽሞ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ የሚቀርብ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ በአራቱ ማዕዘናት፣ ተራርቀው በአድማጩ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ኖታ ማየት ስለማይችሉ የሥራውን መመሪያ በቃላቸው አጥንተው ይገባሉ፤ ዓይን ለዓይን መጠቃቀስም አይቻልም። አንዱ አንድ የታወቀ የድምፅ ሐረግ በመጫወት ለሌሎቹ ግብዣ ያቀርባል፤ እነርሱም የቀረበላቸውን አውቀው ይቀበሉታል፣ ወይም ሳይቀበሉት ሌላ ያቀርባሉ። አብሮ የመጫወት ጥበብ እንዲህ ተራቁቶ የታየበት ሥራ ጥቂት ነው። ደራሲው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ርዝመት 35 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚወስደው ጊዜ የሚወሰነው በዚያ ምሽት በቀረቡት ግብዣዎችና በተሰጣቸው ምላሽ ነው።