አረቦን የሚቀንሰው ሰንጋው መኪና ላይ ሳይወጣ ነው

በካምፓላ፣ በኦልድ ፖርት ቤል መንገድ በሚገኘው የከተማው ቄራ፣ የጭነት መኪና ሲከፈት የነጋዴው ዓይን መጀመሪያ የሚፈልገው የቆመውን ሳይሆን የተጋደመውን ነው። ሃያ ሰንጋ ጭኖ የመጣ ሰው አሥራ ዘጠኙ ቆመው አንዱ ሞቶ ካገኘው፣ የዚያ ጉዞ ትርፍ በአብዛኛው እዚያው ቀረ። ሦስትና አራት ከሞቱ ኪሳራው ዋናውን ገንዘብ ይነካል። መኪናው ተገልብጦ ሁሉም ካለቁ ደግሞ ከዘመድ የተበደረው፣ ከአርቢው በዱቤ የተወሰደው፣ ለልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ይህን የሚያውቅ ነጋዴ መድን መግባት አይጠላም። ዋጋውን ጠይቆ ሲሰማ ግን «ይህን ከፍዬ ምን ላተርፍ ነው?» ብሎ ይመለሳል። አብዛኛው ሰው የአረቦን ዋጋ እንደ ቀረጥ ተቆርጦ የተቀመጠ ይመስለዋል። ዋጋው ግን የሚወጣው ከነጋዴው አሠራር ላይ ነው፤ አሠራሩ ሲስተካከልና በወረቀት ሲረጋገጥ ዋጋው ላይ ለመደራደር መንገድ ይከፈታል።

ኩባንያው የሚያስከፍለው ለምንድን ነው?

መድን ሰጪው አረቦን ሲያወጣ ሦስት ነገሮችን ይደምራል፤ ይደርሳል ብሎ የሚገምተውን ኪሳራ፣ የራሱን ወጪና ትርፍ፣ እንዲሁም ስለ ደንበኛው ስለማያውቀው ነገር የሚጨምረውን መጠባበቂያ። የመጀመሪያውን ነጋዴው በጥንቃቄ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ላይ ብዙም ሥልጣን የለውም። ብዙ ነጋዴዎች ሳያውቁት የሚከፍሉት ሦስተኛውን ነው።

ለምሳሌ ሁለት ነጋዴዎች ከምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከኪሩሁራና ከኢሲንጊሮ አካባቢ፣ ሰንጋ ወደ ካምፓላ ያመጣሉ እንበል። ሁለቱም በዓመት ሁለት ሦስት እንስሳት በመንገድ ይሞቱባቸዋል። አንደኛው ይህን የሚያሳይ ደብተር አለው፤ ሁለተኛው «አላህ ይመስገን፣ ብዙም አልሞተብኝም» ከማለት ውጪ የሚያሳየው የለውም። ለኩባንያው እነዚህ ሁለት ሰዎች እኩል አይደሉም። ሁለተኛው በዓመት ሦስት ይሁን ሠላሳ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ክፉውን ገምቶ ዋጋ ይቆርጥበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ ደብተር መያዝ። ለእያንዳንዱ ጉዞ ቀኑን፣ የተጫነበትን ቦታ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የሾፌሩን ስም፣ የተጫነውንና በሰላም የተራገፈውን ቁጥር፣ የሞተ ካለም ምክንያቱን መጻፍ ይበቃል። የጤና የምስክር ወረቀቱና የእንቅስቃሴ ፈቃዱ ፎቶ ተነሥቶ አብሮ ይቀመጥ። መድን ሰጪዎች ያለፉትን ሦስት ወይም አምስት ዓመታት የኪሳራ ታሪክ መጠየቅ ልማዳቸው ነው፤ ዛሬ የተጀመረ ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት ውል መደራደሪያ ይሆናል።

ቢጫ ካርድ የሰንጋ ዋጋ አይከፍልም

ድንበር የሚሻገሩ ነጋዴዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኡጋንዳን፣ ኬንያን፣ ሩዋንዳንና ኢትዮጵያን ጨምሮ በአባል አገሮች የሚሠራ የተሽከርካሪ መድን ነው። መኪናው በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ የሦስተኛ ወገንን ካሳ፣ እንዲሁም የሾፌሩንና የተሳፋሪዎችን ድንገተኛ ሕክምና ይሸፍናል። ለመኪናው ለራሱ ጉዳትም ሆነ ላይ ለተጫነው ከብት አይከፍልም። በማላባ ወይም በቡሲያ ኬላ ቢጫ ካርድ ስላሳየ ብቻ «መድን አለኝ» የሚል ነጋዴ በጭነቱ በኩል ያለ መድን እየሄደ ነው።

የጭነት መድን ውልም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለስኳርና ለሲሚንቶ የተጻፈ ውል የቁም እንስሳት በግልጽ ካልተጠቀሱበት ላይሸፍናቸው ይችላል። ተጠቅሰውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በአደጋ የደረሰ ሞት ነው፤ በበሽታ መሞት፣ ክብደት መቀነስ ወይም በኬላ መዘግየት የራሱ ስምምነት ይፈልጋል።

በኡጋንዳ ሌላም መስመር አለ። መንግሥት ከመድን ኩባንያዎች ጥምረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው የግብርና መድን መርሐ ግብር ከአረቦኑ ከፊሉን ይደጉማል። ሲጀመር ድጎማው ለአነስተኛ አምራቾች 50 በመቶ፣ ለትልልቆቹ 30 በመቶ፣ ለአደጋ በተጋለጡ አካባቢዎች ደግሞ 80 በመቶ ነበር። መርሐ ግብሩ የተዘጋጀው ለአምራቾች ነው። ከብት ገዝቶ ለወራት እያደለበ የሚሸጥ ነጋዴ ግን በበረት ላሉት እንስሳት ይገባው እንደሆነ ጥምረቱን መጠየቅ ይኖርበታል። የበረቱንና የመንገዱን ውል መለየት ራሱ ወጪ ይቀንሳል፤ ሁለቱን በአንድ ውድ ውል መጠቅለል የግድ አይደለም።

ሞትን የሚቀንስ አጫጫን

በመንገድ ላይ የሚሞት ከብት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በታወቀ ምክንያት ነው፤ ወድቆ ይረገጣል፣ ይታፈናል፣ በሙቀትና በጥም ይደክማል፣ ወይም ሲጫንም ታሞ ነበር።

የመኪናው ወለል እንዳያንሸራትት አሸዋ ወይም ገለባ ይነጠፍበት፤ እንጨት በርብራብ ቢመታበትም ይረዳል። ትልቅ ሰንጋና ጥጃ፣ ቀንዳምና ቀንድ የለሽ፣ ከብትና ፍየል በመካከላቸው አጥር ሳይኖር አይቀላቀሉ። አጥብቆ መጫንም አላልቶ መጫንም ይጎዳል፤ ሲጣበቡ የወደቀው መነሣት አይችልም፣ ሲላሉ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይንገዳገዳሉ። ሾፌሩ ከተነሣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆሞ ይይ፤ የሚወድቅ እንስሳ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በጉዞው መጀመሪያ ላይ ነው። ረዳቱ ከብት የሚያውቅ ሰው ይሁን። ለሾፌሩ ጉርሻ የሚሰጥ ነጋዴ ፈጥኖ ስለደረሰ ሳይሆን ሁሉንም በሕይወት ስላደረሰ ይስጠው።

የታመመን ለይቶ መተው ከሁሉ ይበልጣል። ምራቁ የሚዝረከረክ፣ የሚያነክስ፣ ከመንጋው ተለይቶ አንገቱን የደፋ እንስሳ በርካሽ ቢገኝም አይጫን፤ የአፍተግር በሽታ ያለበት አንድ ሰንጋ የሌሎቹን አሥራ ዘጠኝ ገበያ ይዘጋል። እያንዳንዱ እንስሳ የጆሮ ቁጥር ይኑረው፤ የጆሮ ቁጥር የሌለው ከብት ሲሞት «የሞተው የተመዘገበው ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

ሌብነትና ዘረፋም የራሳቸው መከላከያ አላቸው። በካራሞጃ የከብት ዝርፊያ እንደገና ካገረሸ በኋላ የኡጋንዳ ጦር እ.ኤ.አ. በ2021 ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻ ዳግም ጀምሯል። ከካንጎሌና ከሞሮቶ ገበያ የሚገዛ፣ ወይም በኤሌጉ አድርጎ በኒሙሌ በኩል ወደ ጁባ የሚጭን ሰው በቀን መጓዝን፣ ከሌሎች ጋር በሰልፍ መሄድንና የታወቀ ማረፊያ መጠቀምን ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርብ። ክፍያን በሞባይል ገንዘብ ወይም በባንክ ማድረግ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጓዝን ስጋት ያስቀራል።

ትንሹን ለራስ፣ ትልቁን ለመድን

መድን የሚጠቅመው ነጋዴውን ከሥራ የሚያስወጣውን ኪሳራ ሲሸከምለት ነው። በየጉዞው አንድ ከብት በሞተ ቁጥር ካሳ የሚያስጠይቅ ውል ውድ ይሆናል። ኤክሰስ የሚባለው፣ ማለትም ነጋዴው ራሱ የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ፣ ከፍ ሲል አረቦኑ ይወርዳል።

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ሃያ ሰንጋ፣ እያንዳንዱ 3 ሚሊዮን ሺሊንግ፣ በጠቅላላው 60 ሚሊዮን። በዓመት አሥራ ሁለት ጉዞ። ሁሉንም ሞት የሚከፍል ውል 4 በመቶ ቢሆን፣ ለአንድ ጉዞ 2.4 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ 28.8 ሚሊዮን ይመጣል። በእያንዳንዱ ጉዞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰንጋዎች ነጋዴው ራሱ ቢሸከምና ምጣኔው ወደ 2.5 በመቶ ቢወርድ፣ ለአንድ ጉዞ 1.5 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ 18 ሚሊዮን ይሆናል። ልዩነቱ 10.8 ሚሊዮን ነው፤ የሦስት ሰንጋ ከግማሽ ዋጋ ይበልጣል።

በዓመቱ ውስጥ አንድ ሁለት እየሆኑ በድምሩ ከሦስት ያልበለጡ ከሞቱበት ነጋዴው አትርፏል። አራት ከሞቱ ያው ሊከስር ነው። በዓመት ስንት እንደሚሞትበት የሚነግረው ደግሞ ያው ደብተር ነው። ደብተር የሌለው ሰው ይህን ውሳኔ በጭፍን ይወስናል። ልዩነቱን ግን ሌላ ከብት አይግዛበት፤ የራሱን ድርሻ የሚከፍልበት መጠባበቂያ አድርጎ ለብቻው ያስቀምጠው።

አረቦን ለመቀነስ ተብሎ መደረግ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ ዋጋን አሳንሶ ማስመዝገብ። 60 ሚሊዮን የሚያወጣውን ጭነት 30 ሚሊዮን ብሎ ያስመዘገበ ሰው የ12 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስበት፣ በብዙ ውሎች መሠረት የሚከፈለው 6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ግማሹን ያስመዘገበ ግማሹን ያገኛል። ያለፈ ኪሳራን መደበቅም እንዲሁ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

መድን የማይደርስበት ቦታ

ሩዋንዳ የጋቱናን ድንበር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ስትዘጋ የተዘጋው መንገድ በጥር 2022 መጨረሻ እስኪከፈት ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሳውዲ አረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 በአፍሪካ ቀንድ ከብት ላይ የጣለችው እገዳ የተነሣው በ2009 ነው። በኡጋንዳም አፍተግር በተነሣ ቁጥር ዲስትሪክቶች ኳራንቲን ይገባሉ፤ ገበያ ይዘጋል፣ የእንቅስቃሴ ፈቃድም ይቆማል። በእነዚህ ሁሉ ከብቱ አልሞተም። ሞትን የሚሸፍን ውል አንድ ሺሊንግ አይከፍልም፤ ነጋዴው ግን መኖና እረኛ እየከፈለ ይቀመጣል።

የዚህ መድኑ አሠራር ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊት ለዲስትሪክቱ የእንስሳት ሐኪም መደወል፣ ግዢን ከአንድ በላይ ዲስትሪክት ላይ መበተን፣ ሁለተኛ ገበያ ማዘጋጀት፣ ከአርቢው ጋር «ኳራንቲን ከተጣለ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ውል መጻፍ ያስፈልጋል። የተበደሩትን ሁሉ በአንድ ጭነት ላይ አለማዋልም እዚሁ ይገባል።

ካሳ የሚጠፋባቸው ስህተቶች

ከብት ሲሞት ሥጋውን ፈጥኖ መሸጥ ወይም መቅበር የተለመደ ነው። ሐኪም ሳያየው የተቀበረ ከብት ግን ካሳ የማያስገኝ ከብት ነው። መጀመሪያ ለኩባንያው ይደወል፤ ውሉ ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይታወቅ። የጆሮ ቁጥሩ ከነጆሮው ይቀመጥ፤ የሬሳው፣ የመኪናው ሰሌዳና የቦታው ፎቶ ይነሣ። የሐኪሙ የምርመራ ወረቀት፣ አደጋ ከሆነም የፖሊስ ሪፖርት ይያዝ። ይህን ዝርዝር ሾፌሩ በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ አደጋ ሲደርስ በቦታው የሚገኘው እሱ ነው።

ወደ ድርድር ሲገባ

በካምፓላ የመድን ሥራ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኡጋንዳ የመድን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው፤ ቅሬታም ይቀበላል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ኩባንያውም አገናኙም ፈቃድ እንዳላቸው ማረጋገጥ ይገባል። ወኪል የሚሠራው ለኩባንያው ነው፤ የመድን ደላላ ግን የደንበኛው ጠበቃ ስለሆነ ከብዙ ኩባንያዎች ዋጋ ማምጣት ይችላል። የከብት ገበያ ደላላን የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም።

በየጉዞው አዲስ ውል ከመግዛት ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ክፍት ውል ይጠየቅ፤ እያንዳንዱ ጉዞ እየተመዘገበ አረቦኑ ይሰላል። አምስት ስድስት ነጋዴዎች ተባብረው፣ አንድ ዓይነት የአጫጫን ደንብ ተቀብለው፣ ደብተራቸውን አንድ ላይ ይዘው ቢቀርቡ ደግሞ የብቻቸውን ከሚያገኙት የተሻለ ዋጋ ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ ደንቡን ከጣሰ ግን የሁሉም ዋጋ እንደሚወጣ ከመጀመሪያው ይስማሙ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ለሚቀጥለው ጭነት መኪና ከመጠራቱ በፊት ደብተሩ ይከፈት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀኑ፣ የሾፌሩ ስምና የሚጫነው ቁጥር ይጻፍ። ቀጣዩ ድርድር ከዚያ መስመር ይጀምራል።