ጠላት በጠላቱ ብዕር

ከሳሽን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ፍርዱ ጎደሎ መሆኑን ማንም ያውቃል። ታሪክን ስናነብ ግን ብዙ ጊዜ ተከሳሹን ሳንሰማ እንፈርዳለን። ለዚህም የጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች መልካም ምሳሌ ይሆኑናል።

ዩልዮስ ቄሣር የጋልያን ሕዝብ ጦርነት የጻፈው እርሱ ራሱ ወራሪው የጦር አዛዥ ሆኖ ሳለ ነው። ቲቶስ ሊቪዮስም የቅርጣግናውን ሐኒባልን የጦር ችሎታውን ሳይክድ፥ ጨካኝና ቃሉን የማይጠብቅ ሰው አድርጎ ሥሎታል። ቅርጣግና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ዓመት በሮማውያን እጅ ስለ ጠፋች፥ ልጆቿ ስለ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ አልደረሰንም። ስለዚህ ሐኒባልን የምናውቀው ሮማውያንና ግሪኮች ከጻፉት ነው።

ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ታሲቶስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ98 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፥ ካልጋኮስ የተባለ የብሪታንያ መሪ የሮማን ስስትና ዘረፋ ሲያወግዝ ያሰማናል። ንግግሩን ታሲቶስ ራሱ እንደ ደረሰው ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ቢሆንም ሮማዊ ሆኖ ሳለ ለጠላቱ አንደበት መስጠቱ ያስመሰግነዋል።

ይህ ነገር የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። የሮማ ወራሾች ነን ይሉ የነበሩት ፋሺስቶች፥ አገራችንን ሊወሩ ሲሰናዱ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ባቀረቡት ጽሑፍ፥ ኢትዮጵያን ከሠለጠኑት መንግሥታት ጋር ለመቀመጥ የማትበቃ አረመኔ አድርገው ከሰሷት። ከወረሩም በኋላ አርበኞቻችንን ሽፍታና ዓመፀኛ ይሏቸው ነበር።

ስሙ ምን እንዳስከተለ ከመርሐቤቴ ዋና ከተማ ከዓለም ከተማ ባሻገር፥ በመንዝ የሚገኘው የዘረት ዋሻ ይመሰክራል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ከራስ አበበ አረጋይ ወገን የነበሩ ሰዎች በዚያ ተከበቡ፤ የመርዝ ጋዝም ተለቀቀባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት በብዙ መቶ የሚቆጠሩት ተረሸኑ። በወራሪው መዝገብ ዓመፀኞች ተባሉ። በዋሻው ውስጥ ግን ሴቶች፥ ሕፃናት፥ ሽማግሌዎችና ቁስለኞችም ነበሩ። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ የአገሩን ሠራዊት መዝገብ መርምሮ፥ በ1998 ዓ.ም. እስከ ዋሻው ድረስ በመሄድ ነገሩን ለዓለም ገልጧል። እንግዲህ እውነትን የሚሻ ከሆነ፥ የወራሪው ልጅም የወራሪውን መዝገብ ሊያርም ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ስለ አንድ ሕዝብ ክፉ የሚያወራ ጽሑፍ ሲገጥምዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? የተወቀሰውስ ምን መለሰ? ይህ ጥያቄ ለጥንት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በዓለም ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ፥ የአንዱን ቀበሌ ሰው ሳያነጋግር «አስቸጋሪ ሕዝብ ነው» ብሎ ወደ በላይ የሚጽፍ ሠራተኛ፥ ሳያውቀው የቄሣርን ብዕር ጨብጧል። ወረቀቱ ከእርሱ በኋላም በመዝገብ ይኖራልና፥ አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉትን ከመፈረሙ በፊት ያስብ።