ወደ ጎን ባይሆን ወደ ላይ

«ቦታዬ ጠባብ ናት፤ ጎመን ልትከል ወይስ ቃሪያ?» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ሁለቱንም ትከሉ፤ ከቻላችሁ ከላያቸው ሌላ ጨምሩ።

ለዚህ የውጭ ቪዲዮ መፈለግ አያስፈልግም። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው አይቶታል። የጌዴኦ ገበሬ በዚያ ዳገት ላይ ዋንዛና ሌሎች ትልልቅ ዛፎችን ከላይ፣ እንሰትን ከሥራቸው፣ ቡናን ከእንሰቱ ሥር፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጎመን፣ ጎደሬና ዱባ በአንድ መሬት ያበቅላል። የገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎቻችን አንዱ ሆኖ ዳገቱ እንደለመለመ የቆየው በዚህ ዘዴ ነው። ዩኔስኮም ይህንን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አትክልት ላይ ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ፀሐይ ይፈልጋል፣ ማን ጥላ ይችላል የሚለው ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ጥላ ከበዛባቸው ቅጠላቸው ያምራል፣ ፍሬያቸው ግን ያንሳል። ሰላጣና ቆስጣ የቀትሩን ፀሐይ የሚያበርድላቸው ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብብና ይመርራል። ስለዚህ ቲማቲሙን በእንጨት ደግፋችሁ ወደ ላይ እሰሩት፣ ሰላጣውን ከጎኑ አድርጉ። በቆሎ ላይ ቦሎቄ ይጠምጠም፣ ዱባ መሬቱን ያልብስ። እርጥበት የማይለየውን ጥላማ ጥግ ለጎደሬ ተዉለት።

አቅጣጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአውሮፓ የሚገለበጠው ምክር «ረጅሙን በሰሜን በኩል ትከል» ይላል። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን፣ አዲስ አበባን ብንወስድ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። መደቡን ከሰሜን ወደ ደቡብ አርዝሙት፤ አንዱ ጎን የጠዋቱን፣ ሌላው የከሰዓቱን ፀሐይ ያገኛል።

እኔ በጣም የምወደው ግን ጊዜን መደረብ ነው። ጥቅል ጎመን ተንሰራፍቶ ቦታውን እስኪዘጋው ድረስ በመካከሉ ያለው መሬት ሥራ ፈት ነው። እዚያ የገባ ሰላጣ ጎመኑ ክንዱን ሳይዘረጋ ደርሶ ይበላል።

ድንችና ቲማቲም ግን አይጎራበቱ። ዘመዳሞች ናቸው፤ በዝናብ ወቅት ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ክረምት ላይ በጠቅላላው አራርቃችሁ ትከሉ፣ ነፋስ ይግባበት።

አፈሩንም አስቡት፤ ሦስት አፍ ከአንድ ማዕድ እየበላ ነው። ፍግና ብስባሽ እንደ ልብ የማታገኙ ከሆነ በሁለት ደርብ ጀምሩ፤ ሦስተኛውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።