ኳሱ የት ይደርስ ነበር? ለቤት ልምምድ የሚሆን የጎልፍ መለኪያ አመራረጥ

ጋራዥ ውስጥ መረብ ዘርግቶ ጎልፍ የሚለማመድ ሰው አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ኳሱን ይመታል፤ ኳሱም ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ መረቡ ላይ ይቀራል። ሜዳ ላይ ቢሆን ወደ ግራ ይታጠፍ ነበር ወይስ ወደ ቀኝ? 150 ሜትር ይሄድ ነበር ወይስ 130? እጁ ላይ ከተሰማው ንዝረት በቀር ማስረጃ የለውም። በጎልፍ ደግሞ ስሜት ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ምስክር ነው። ዱላውና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሹን ያህል ብቻ ስለሆነ ዓይን አይደርስበትም፤ እጅም የሚሰማው ኳሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠራው መሣሪያ ላውንች ሞኒተር ይባላል። ኳሱ ከዱላው ሲለይ የነበረውን ፍጥነት፣ ከመሬት የተነሣበትን ማዕዘን፣ የያዘውን አቅጣጫና በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሽከረከር አውቆ፣ ሜዳ ላይ የት ሊያርፍ እንደነበር በስልክ ወይም በኮምፒውተር ስክሪን ያሳያል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች እነዚህን ቁጥሮች በስክሪናቸው ላይ ይደረድራሉ። የሚለያዩት ከቁጥሮቹ የትኛውን በእርግጥ ለክተው፣ የትኛውን ደግሞ ከሌሎቹ ተነሥተው ገምተው እንደሚያቀርቡ ነው። ገዢ ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

የዚህ መሣሪያ አንዱ ወገን ራዳር ነው፤ የዘር ሐረጉም ከጦር መሣሪያ ምርምር ይመዘዛል። በዴንማርክ ዋይበል የተባለ ኩባንያ የተተኮሰ ጥይትንና ሚሳይልን በራዳር የሚከታተል መሣሪያ ይሠራል። ፍሬድሪክ ቱክሰን የተባለው መሐንዲስ ሙያውን ያዳበረው እዚያ ነው። ክላውስና ሞርተን ኤልድሩፕ ዮርገንሰን የተባሉ ወንድማማቾች ያንኑ ዕውቀት ለጎልፍ ኳስ ለማዋል ከእርሱ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ትራክማን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። በደቡብ አፍሪካም ሄንሪ ጆንሰን የተባለ መሐንዲስ ከመከላከያ ራዳር ተነሥቶ ወደ ስፖርት ኳስ ተሻገረ፤ ዛሬ ፍላይትስኮፕ የሚባለው ኩባንያ የእርሱ ሥራ ነው። ዲያሜትሩ ከ42.67 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ክብደቱ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ እንደ መድፍ ጥይት በራዳር መታየት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

የራዳሩ አሠራር የቆመው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ነው። አምቡላንስ ሲቀርብ ሳይረኑ ቀጥኖ፣ ሲርቅ ደግሞ ወፍሮ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ከሚንቀሳቀስ ኳስ ነጥሮ የሚመለስ የራዳር ሞገድም ድግግሞሹ ይለወጣል። ከለውጡ መጠን ፍጥነቱ ይታወቃል። መሣሪያው የሚቀመጠው ከኳሱ ኋላ ሲሆን፣ ሜዳ ላይ ኳሱን በበረራው እየተከተለ ይመለከታል። የራዳር ትልቁ ብርታቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ወገን ካሜራ ነው። መሣሪያው ከኳሱ ጎን ወይም ከጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ዱላው ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት በከፍተኛ ፍጥነት በርካታ ፎቶዎችን ያነሣል። በኳሱ ላይ ያሉት ምልክቶች ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደዞሩ አይቶ ሽክርክሪቱን ያውቃል። የአሜሪካው ፎርሳይት ስፖርትስ በዚህ መንገድ ስሙን ተክሏል፤ ባለአራት ካሜራው ጂሲኳድ ዛሬም በባለሙያዎች ዘንድ እንደ ሚዛን ይታያል። ካሜራ የኳሱን ጉዞ አይከተልም። መነሻውን በጥንቃቄ አይቶ የቀረውን በስሌት ይጨርሳል።

ታዲያ ቤት ውስጥ የትኛው ይሻላል? ኳሱ መረብ ላይ ከመቆሙ በፊት ራዳሩ የሚያየው ጉዞ በጣም አጭር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይይዛል፤ ሽክርክሪቱን ለመያዝ ግን ይቸገራል። ለዚህም ነው የራዳር ኩባንያዎች ኳስ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የብረት ምልክት የሚመክሩት። ታይትሊስትም እ.ኤ.አ. በ2022 ራዳር ሽክርክሪቱን በግልጽ እንዲያነብ በውስጡ ምልክት ያለበት አርሲቲ የተባለ ኳስ ገበያ ላይ አውሏል። ራፕሶዶ ኤምኤልኤም2ፕሮ የተባለው መሣሪያ ራዳርን ከሁለት ካሜራዎች ጋር ያጣመረ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሽክርክሪትን በእርግጥ የሚለካው ልዩ ንድፍ የታተመባቸው ኳሶች ሲመቱ ነው። በተራ ኳስ የሚያሳየው የሽክርክሪት ቁጥር ግምት ነው።

ሽክርክሪት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ኳስን አየር ላይ የሚያቆየው ወደኋላ የሚዞረው ሽክርክሪት ነው። ትራክማን ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ በኖረው የፒጂኤ ቱር አማካይ ሰንጠረዡ ላይ፣ በድራይቨር የተመታ ኳስ በሰዓት 167 ማይል ይወጣል፣ በ10.9 ዲግሪ ይነሣል፣ በደቂቃ 2,686 ዙር ይሽከረከራል፤ አየር ላይም 275 ያርድ ይሄዳል። በሰባት ቁጥር አይረን ሲመታ ደግሞ ፍጥነቱ 120 ማይል፣ ማዕዘኑ 16.3 ዲግሪ፣ ሽክርክሪቱ 7,097 ዙር፣ ርቀቱ 172 ያርድ ነው። በአይረን ሽክርክሪቱ በሺህ ዙር ቢቀንስ ኳሱ አረንጓዴው መስክ ላይ ወድቆ ከመቆም ይልቅ ተንከባሎ ያልፋል። መሣሪያው ይህን ቁጥር የሚገምት ከሆነ ተለማማጁ የሚያርመው የራሱን ምት ሳይሆን የማሽኑን ግምት ይሆናል።

ከሁሉም ቁጥሮች ለጀማሪ በጣም የሚጠቅመው ግን ቀላሉ ነው። የኳሱ ፍጥነት ለዱላው ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ስማሽ ፋክተር ይባላል፤ ምቱ ምን ያህል ከዱላው መሃል እንደተገኘ ይነግራል። በዚያው የትራክማን ሰንጠረዥ የፒጂኤ ቱር ወንዶች በ113 ማይል የዱላ ፍጥነት 167 ማይል ያወጣሉ፤ የኤልፒጂኤ ሴቶች ደግሞ በ94 ማይል 140 ያወጣሉ። ሁለቱም ሲካፈሉ 1.48 ገደማ ይመጣሉ። የሴቶቹ ዱላ በሰዓት ወደ 20 ማይል ያህል ቢዘገይም የምታቸው ጥራት ከወንዶቹ እኩል ነው። ቤቱ ሆኖ ከ1.30 ወደ 1.42 የወጣ ተለማማጅ ጉልበት ሳይጨምር ርቀት አግኝቷል። ይህን ቁጥር ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፒአርጂአር የተባለው ትንሹ የጃፓን ራዳር ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ያወጣል፤ የዱላና የኳስ ፍጥነትን አውቆ ርቀቱን ይገምታል። አቅጣጫና ሽክርክሪት ግን አይጠየቅም።

አቅጣጫን በተመለከተ እነዚህ መሣሪያዎች የጎልፍን ትምህርት ራሱ ለውጠዋል። የቀድሞ አሠልጣኞች ኳሱ የሚነሣው ዱላው በሚጓዝበት መስመር ነው፣ በኋላ የሚታጠፈው የዱላው ፊት ወዳየበት ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። በራዳርና በካሜራ የተሰበሰበው ውሂብ የመነሻውን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት መሆኑን አሳየ፤ እጥፋቱን የሚያመጣው በፊቱና በዱላው መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚነሣበት ሰው የትከሻውን አዟዟር ለመለወጥ ወራት ከማባከኑ በፊት የዱላውን ፊት ማየት አለበት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርካሽ መሣሪያዎች የዱላውን ፊት አያዩም፤ ከኳሱ አካሄድ ወደኋላ ተነሥተው ያሰሉታል። ኳሱ ከዱላው መሃል ወጣ ብሎ ሲመታ ደግሞ ይህ ስሌት ይሳሳታል።

ከዕቃው በፊት ግን ክፍሉ ይለካ። ከኋላ የሚቀመጥ ራዳር ከኳሱ ጀርባ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር፣ ከኳሱ እስከ መረቡ ደግሞ ሌላ 2.5 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ 5 ሜትር ገደማ ነው። ከጎን የሚቀመጥ ካሜራ የኋላውን ቦታ አይጠይቅም፤ ኳሱ ነጥሮ እንዳይመለስ ከፊት 3 ሜትር ያህል ቢኖር ይበቃል። ጣሪያው 3 ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ድራይቨር ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማልና። ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው ዱላውን በዝግታ ዙሪያውን አዙሮ ጣሪያውንና ግድግዳውን እንደማይነካ ሳያረጋግጥ አንድም ሳንቲም ባያወጣ ይሻላል። ቤቱ ውስጥ ቀኝና ግራ እጅ የሚመቱ ሰዎች ካሉም የጎን ካሜራ በየተራው መነሣት አለበት፤ ከጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የኮሪያው ዩኒኮር ይህን ያስቀራል።

ኮሪያ በዚህ ሥራ ብዙ ድርሻ ያላት በአጋጣሚ አይደለም። ክረምቷ ብርቱ ነው፣ መሬቷ ጠባብ ነው፣ የሜዳ ክፍያውም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ጎልፍዞን ሕንፃ ውስጥ በስክሪን ፊት የሚጫወቱበትን ጎልፍ የብዙኃን መዝናኛ አድርጎታል።

በዋጋ ረገድ ገበያው እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ በጣም ተቀይሯል። ወረርሽኙ ሰውን ቤት ባዋለበት ዘመን ፍላጎቱ አሻቀበ፤ አምራቾችም ለመካከለኛ ኪስ ማምረት ጀመሩ። የጋርሚን አፕሮች አር10 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 600 ዶላር፣ ኤምኤልኤም2ፕሮ በ2023 ሲወጣ 700 ዶላር ነበር። ከእነርሱ በላይ ሲወጣ 3,000 ዶላር ገደማ የነበረው ስካይትራክ ፕላስ አለ፤ ካሜራን ከራዳር ጋር ያጣምራል። የጋርሚን አር50 ስክሪኑ በራሱ ላይ ያለ፣ ሲወጣ 5,000 ዶላር የነበረ መሣሪያ ነው። ጂሲኳድና ትራክማን 4 ደግሞ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ የአሠልጣኞችና የክለቦች ዕቃ ናቸው። ለቤት ልምምድ እነርሱን መግዛት አያስፈልግም።

ዋጋው ላይ ያልተጻፈ ወጪም አለ። ቡሽኔል ላውንች ፕሮ እና የፎርሳይት ጂሲ3 በውስጣቸው አንድ ዓይነት ባለ3 ካሜራ መሣሪያ ይዘዋል። ቡሽኔሉ በርካሽ ይሸጣል፤ ሙሉ ችሎታውን ለመክፈት ግን ዓመታዊ ክፍያ ይጠይቃል። በራፕሶዶና በጋርሚንም በስክሪን ፊት ከሚጫወቱበት የሲሙሌተር አገልግሎት አብዛኛው በደንበኝነት ክፍያ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ዋጋ የመሣሪያው ዋጋ ላይ የአምስት ዓመት ክፍያ ተደምሮ የሚገኘው ነው። ጂኤስፕሮን በመሰለ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ታዋቂ ሜዳዎችን ለመጫወት የሚያስብ ሰው ደግሞ፣ መሣሪያው ከሶፍትዌሩ ጋር በይፋ መገናኘቱንና የኮምፒውተሩ አቅም መፍቀዱን ቀድሞ ያረጋግጥ።

ስለ ምንጣፉ ዝም ማለት አይገባም። ሣር ላይ ዱላው ከኳሱ ኋላ መሬቱን ቀድሞ ከመታ ፍጥነቱን ያጣል፤ ኳሱም አጭር ይወድቃል። ጠንካራ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ግን ዱላው ነጥሮ ኳሱን ደህና አድርጎ ይመታል። መሣሪያው ያየውን ኳስ ብቻ ስለሚዘግብ፣ ሜዳ ላይ የሚያሳፍር ምት ቤት ውስጥ ያማረ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ጠንካራ ምንጣፍ የእጅ አንጓንና ክርንንም ይጎዳል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከመሣሪያው ቀንሶ ወፍራምና ለስላሳ ምንጣፍ ላይ መጨመር ትክክል ነው።

ከፍታም ይቆጠራል። ሳሳ ባለ አየር ኳስ ይረዝማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዴንቨርም 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዝቅተኛ ስፍራ የተሰላ ርቀት በእነዚህ ከተሞች ሜዳ ላይ ከሚታየው ያንሳል። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ከፍታና ሙቀት የሚሞላበት ቦታ አላቸው። ሳይሞላ የተወሰደ ርቀት ላይ ተመሥርቶ ዱላ የመረጠ ሰው ኳሱን ከአረንጓዴው መስክ ኋላ ሲፈልግ ይገኛል።

ለአብዛኛው ሰው ፍርዱ እንዲህ ነው። ሰፊ ግቢ ወይም የልምምድ ሜዳ ያለው፣ መሣሪያውንም በቦርሳ ይዞ መውጣት የሚፈልግ፣ ራዳር ይያዝ። ኳሱን የሚመታው በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻ የሆነ ሰው ከጎን የሚቀመጥ ካሜራ ይምረጥ። ፍጥነቱንና የምቱን ጥራት ብቻ መከታተል የሚሻ ደግሞ ከሁለት መቶ ዶላሩ መሣሪያ በላይ አያስፈልገውም። የሚገዛው መሣሪያ ተመርጦ ሲያበቃም፣ ትራክማን ወይም ጂሲኳድ ያለው አሠልጣኝ ዘንድ ሄዶ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቂት ኳሶችን መምታት የቁጥሮቹን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ክፍሉ፣ ብርሃኑና ጣሪያው ከመሣሪያው ጋር መስማማታቸው የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሲሞከር ብቻ ስለሆነ፣ የመመለሻ ጊዜ ከማይሰጥ ሻጭ ባይገዛ ይሻላል።