ባዶው መስመር
ክፍል ሁለት፦ አሥራ አራት ቀን

ባለፈው ሳምንት፦ የኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ከተማ ነዋሪዎች ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር ከ20 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጆን ኤ ኤል ኤስ በተባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያሰልል የነርቭ ሕመም ተያዘ። ጁን 26 ቀን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኤዲት ዊንዘር ሲፈርድ፣ ጂም አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ ጆንን ሳመውና እንጋባ አለው። ጆንም እሺ አለ። ኦሃዮ ግን አታጋባቸውም።

*

ጁላይ 11፣ ሐሙስ። ከሲንሲናቲ በተነሳችው ትንሽ የሕክምና አውሮፕላን ውስጥ ጆን በቃሬዛ ተጋድሟል። ከአጠገቡ ጂም አለ፤ የጆን አክስት ፓውሌት ሮበርትስና አንዲት ነርስም አብረው ተሳፍረዋል። ለበረራው ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር። ወዳጅ ዘመድ አዋጥቶ ከፈለ።

ሁለት ሰዎች ለመጋባት አውሮፕላን መከራየት ለምን አስፈለጋቸው? ነገሩ ያለው ዊንዘር ያሸነፈችው ክስ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ቲያ ስፓየር በ2009 ስትሞት ዊንዘር 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ተጠይቃ ከፈለች። ሟች ወንድ ቢሆን ኖሮ ይህን ግብር የሚጠይቃት አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፍርዱ የፌዴራሉ መንግሥት በክፍለ ግዛቶች ሕግ የጸና ጋብቻን መካድ አይችልም አለ። ክፍለ ግዛቶች ራሳቸው ያጋቡ ግን አላለም። ኦሃዮ ደግሞ በኖቬምበር 2004 በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው ብላለች። ከመቶ መራጭ 62 ያህሉ ደግፎታል።

ስለዚህ ሜሪላንድን መረጡ። እዚያ በኖቬምበር 2012 ሕዝቡ በጠባብ ልዩነት፣ ከመቶ 52 በሆነ ድምፅ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ሕጋዊ አድርጓል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩና ዜግነት ያገኙ ያገራችን ልጆችም ያንኑ ጥያቄ በድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ላይ አግኝተውታል። በዚያ ላይ ሜሪላንድ የጋብቻ ፈቃድ ለማውጣት ሁለቱም በአካል ይቅረቡ አትልም። ጂም ቀደም ብሎ ብቻውን ሄዶ ፈቃዱን አወጣ። ከአልጋ የማይነሳው ጆን መገኘት ያለበት ለሥነ ሥርዓቱ ብቻ ሆነ።

አውሮፕላኗ ባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ አረፈች። ማንም አልወረደም። አክስት ፓውሌት እነዚህን ሁለት ሰዎች ለማጋባት ስትል አስቀድማ ፈቃድ አውጥታ ነበር። እዚያው በጠባቧ ክፍል ውስጥ፣ ጂም የጆንን እጅ እንደያዘ፣ ቃል ኪዳናቸውን አስፈጸመቻቸው። ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወዲያው ተመልሰው በረሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ጋዜጣ ጽፎት ይረሳ ነበር። ጽፎታልም። ያንን ያነበበ አንድ ጠበቃ ግን ሌላ ነገር ታየው።

አል ጌርሃርድስታይን ይባላል። በሲንሲናቲ የሲቪል መብት ጠበቃ ነው፤ ከዚህ ቀደምም በዚህ ጉዳይ ተሸንፏል። በ1993 የከተማው መራጮች ማዘጋጃ ቤቱ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጥበቃ የሚሰጥ ደንብ እንዳያወጣ ሲከለክሉ፣ ጌርሃርድስታይን ለዓመታት ተከራክሮ ተረትቷል። ያን ክልከላ ራሳቸው መራጮቹ በ2004 ሻሩት። የሻሩትም ኦሃዮ የጋብቻውን እገዳ ባጸደቀችበት በዚያው የምርጫ ቀን ነው። አንድ ከተማ ሲከፍት ክፍለ ግዛቱ ዘጋ።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ፣ ጠበቃው ወደ ጂምና ጆን ቤት መጣ። በእጁ የያዘው ያልተሞላ የኦሃዮ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ከተጋቡ ሳምንት እንኳ ላልሞላቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ወረቀት ማሳየት ጭካኔ ይመስላል። ግን ሌላ ማንም ያላሳያቸውን ነገር ነው ያሳያቸው። የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ ኦሃዮ ለጆን ያላገባ ብላ ትጽፋለች። በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ስም የሚሰፍርበት መስመር ደግሞ ባዶ ይቀራል።

ሁለቱም ይህን አላሰቡትም ነበር። ማን ያስባል?

ሌላም ነገር ነበር። የጆን አያት ቤተሰቡ የሚቀበርበትን ቦታ ሲያዘጋጁ የዘር ተወላጆችና የትዳር ጓደኞቻቸው ብቻ እንዲያርፉበት ወስነዋል። ጆን ጂም ሲሞት ከጎኑ እንዲቀበር ይፈልጋል። በኦሃዮ ወረቀት ግን ጂም ለዚህ ቤተሰብ ባዕድ ነው። ዕድር ያለበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መዝገቡ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከል አይተከል የሚል ክርክር በስንቱ ሰፈር ተነስቷል! በቁም ሳለን ችላ የምንለው ወረቀት፣ ሞት የመጣ ዕለት ማን የማን እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። በኢትዮጵያ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ያስቀጣል። ይህን የሚያነብ ብዙ ሰውም በእምነቱ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው እንደሚል አውቃለሁ። ያን እምነት አልንቅም። ግን የእኛው የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ እንኳ በሃይማኖት፣ በባህልና በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ለያይቶ ያስቀምጣል። ካህኑ የሚባርከውን ካህኑ ይወስን። ጂምና ጆን ቤተ ክርስቲያን አልከሰሱም፤ ተክሊልም አልጠየቁም። የጠየቁት የመዝገብ ሹሙን ነው። መንግሥት ከሁሉም ዜጎች እኩል ግብር እየሰበሰበ፣ አንዱ ባልና ሚስት ሲሆን መዝግቦ ሌላው 20 ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው ሲቀብር አላውቅህም የሚልበትን ምክንያት ማስረዳት አለበት። እኔ እስካሁን ያሳመነኝ ምክንያት አልሰማሁም።

ዓርብ ጁላይ 19 ክስ መሠረቱ። ሰኞ ጁላይ 22 ጉዳዩ በፌዴራል ዳኛው ቲሞቲ ብላክ ፊት ቀረበ። ጆን ከአልጋው መነሳት አይችልም፤ ጂም ግን ችሎት ገባ።

ሲንሲናቲ ከተማ እገዳውን አልከላከልም አለች። የኦሃዮ መንግሥት ግን ተከላከለ። ያቀረበው ክርክር የዋዛ አይደለም። ሕዝቡ በድምፁ ወስኗል፤ የዊንዘር ፍርድ ራሱ ጋብቻን መደንገግ የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን መሆኑን ደጋግሞ ይናገራል፤ ታዲያ አንድ ዳኛ በአንድ ቀን የሚሊዮኖችን ድምፅ በምን ሥልጣን ይሽራል? ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጎ የሚያልፍ ሰው ስለ ዴሞክራሲ ብዙ አላሰበም ማለት ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም ከፍ ባሉ ፍርድ ቤቶች ጎልቶ የተሰማው ይኸው ጥያቄ ነው።

ጌርሃርድስታይን ግን የኦሃዮን የቆየ ሕግ አወጣ። በኦሃዮ የአጎት ልጅ ማግባት ክልክል ነው። እኛ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ሰዎች በዚህ ከኦሃዮ ጋር እንስማማለን። ነገር ግን የአጎት ልጆች ሌላ ክፍለ ግዛት ሄደው ተጋብተው ቢመለሱ ኦሃዮ ጋብቻቸውን ትቀበላለች፤ ይህም በፍርድ ቤት የተወሰነው ገና በ1950ዎቹ ነው። በኦሃዮ ሕግ ለአቅመ ጋብቻ ያልደረሰ ሰውም በሌላ ክፍለ ግዛት በሕጋዊ መንገድ ካገባ እንዲሁ። የቆየው ደንብ ጋብቻ በተፈጸመበት ቦታ ከጸና እዚህም ይጸናል የሚል ነበር። ለየት ተደርጎ ከደንቡ የወጣው አንድ ዓይነት ጋብቻ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚያ ችሎት የተነሳው ጥያቄ ኦሃዮ እነማንን ታጋባ የሚል አልነበረም። ኦሃዮ በሌላው ሁሉ ላይ የምትሠራበትን የገዛ ራሷን ደንብ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ስትል የምታጥፈው ለምንድን ነው የሚል ነበር። የብዙኃን ድምፅ ሕግ ያወጣል፤ ሕጉን ለአንዱ ወገን ብቻ ዘግቶ ለሌላው መክፈት ግን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ የሚከለክለው ነው። እኔ ክሱ ያሸነፈው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳኛ ብላክ በዚያው ዕለት ወሰኑ። የመዝገብ ሹሟ ጆን አርተርን ያገባ፣ ጂም ኦበርገፌልን በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ብሎ የማይጠቅስ የሞት ምስክር ወረቀት እንዳትቀበል አዘዙ።

ጂም ይህን ዜና ይዞ ወደ ቤቱ፣ ወደ ጆን አልጋ ተመለሰ። በትዕዛዙ ላይ ግን ጠበቃው በደንብ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። ጊዜያዊ እግድ ነው። የፌዴራሉ የሥነ ሥርዓት ደንብ ለእንዲህ ያለው እግድ የሚሰጠው 14 ቀን ነው፤ ኦገስት 5 ያበቃል።

ጆን በእነዚህ 14 ቀናት ውስጥ ከሞተ ባለትዳር ሆኖ ይመዘገባል። በ15ኛው ቀን ከሞተና እግዱ ካልተራዘመ ያላገባ ተብሎ ይቀበራል። ሐኪሞቹ ተስፋ የቆረጡበት ሰው በሕይወት የሚቆይበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ትዳሩን ወደ መሻር ይገፋዋል።

ኦገስት 5 ደረሰ። ጆን በሕይወት ነበር።

(በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል)